ከአጥሩ ውስጥ አይወራም

ብሪዲ ኤንገስን የተዋወቀችው ሰድባው ነው።

ጠዋት ነበር፤ ዝናብ ያካፋል። ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትነዳ ከአስፋልቱ ዳር መኪና የገጫት ዎምባት፣ ያቺ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ድብ መሳይ እንስሳ፣ ወድቃ አጠገቧ አንድ ረጅም ወጣት ተንበርክኮ አየች። መኪናዋን አቁማ ወረደች።

«እግዜር ይይልህ! ገጭተህ ስታበቃ ደግሞ ሆዷን ትበረብራለህ?»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያትና እጁን ከእንስሳዋ ልጅ ማቀፊያ የሆድ ከረጢት አወጣ። መዳፉ ላይ ገና ጸጉር ያላበቀለ ግልገል ይንቀጠቀጥ ነበር። ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ያኔ ገባት። እኛ ጋ የሞተ እንስሳ መንገድ ዳር ያየ ሰው ከረጢቱን ሳይፈትሽ አያልፍም፤ እናት ሞታ ልጅ ሊተርፍ ይችላላ። ይህን ከልጅነቷ እያወቀች ነው ምላሷ የቀደማት።

«መኪናሽ ማሞቂያ አለው?» አላት። ያን ቀን ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር።

ግልገሉን ሞሪን የሚባሉ አዛውንት ወደሚያስተዳድሩት የዱር እንስሳት መጠለያ ወሰዱት። በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከበር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጡጦ እየጠባ አደገ። ብሪዲም ኤንገስም ለእሱ ሲሉ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ቀሩ። ዓመት ሲያልፈው እግሩ አጭር፣ ወገቡ ሰፊ፣ ጠባዩ ነጭናጫ የሆነ ጎረምሳ ወጣው። ይሄኔ ሞሪን ጉድጓድ ወደተቆፈረበት ሰፊ አጥር አስገቡትና ሕጋቸውን አወጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከአጥሩ ውስጥ አይወራም። አይዳሰስም። ስም አይወጣለትም። የሰው ድምፅ ሰምቶ የሚመጣ ዎምባት ዱር ቢለቁት መኪና ይበላዋል። እንደዚያ ከሆነ አልለቀውም፤ ዕድሜ ልኩን እዚሁ ታጥሮ ይኖራታል። ተግባባን?»

ተግባቡ። ብሪዲ ረቡዕ ረቡዕ፣ ኤንገስ ሰኞ ሰኞ ብቻቸውን ይገቡ ነበር። ቅዳሜ ግን አብረው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓትን ቃል ሳይተነፍሱ ፋንድያ ዛቁ፣ ሣር አጨዱ፣ ውኃ ቀዱ። ባልዲ ሲፈልግ በዐይኑ ያሳያታል፤ ስትደክም ሳትነግረው አካፋውን ይቀበላታል። አንድ ቀን እሾህ እጇን ወጋትና ከንፈሯን ነክሳ ዝም ስትል፣ ኤንገስ መዳፏን ይዞ ቀስ አድርጎ ነቀለላት። እሾሁ ከወጣም በኋላ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ግን የነካው እሳት ይመስል እጁን ሰበሰበ።

ከአጥሩ ሲወጡ እንግዲህ ማውራት ይቻላል። የኤንገስ አፍ ግን ያኔም አይከፈትም። «በይ፣ ደህና ሁኚ» ይልና ፒክአፑን አስነስቶ ውልቅ ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የብሪዲ ልብ ግን እየነቀዘ ነበር።

እናም አንድ ረቡዕ ሌላ ሰው በሌለበት አጥር ውስጥ፣ ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ ብላ «ደህና ዋልክ?» አለች። በሚቀጥለው ረቡዕ ትንሽ ጨመረች። ከዚያማ ምኑ ቅጡ፣ የሆዷን ሁሉ ታጫውተው ጀመር።

ዎምባቱ ዱር ለመለቀቅ የሚፈተንበት ቀን ቅዳሜ ዋለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ዎምባቱ ከጉድጓዱ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሞሪን ሁለቱንም በሩ ላይ አቆሟቸው።

«አንዳችሁ ገብታችሁ ታወራላችሁ። ከመጣ ቀረ። ከሸሸ ማክሰኞ ዱር ይገባል።»

ብሪዲ ወደ ጉድጓዱ አየች። ዝም ብትልና ኤንገስ ቢገባ ማንም አያውቅባትም። ግን ዎምባቱ ዱር ገብቶ መንገድ ዳር ሲሞት ታያት።

«እኔ ልግባ» አለች። «ድምፄን ያውቀዋል። ረቡዕ ረቡዕ ሳወራው ነው የከረምኩት።»

ሞሪን መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«አይ አንቺ ልጅ! በይ ግቢ። የሆነ ያልሆነውን አትቀባጥሪ፤ የለመደውን ያንኑ ነው የምትነግሪው።»

«ያንኑ?»

«ያንኑ። ፈተናው እሱ ነው።»

ብሪዲ ገባች። ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ አለች። ኤንገስ ከጀርባዋ አምስት እርምጃ ላይ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ደህና ዋልክ?» አለች ለጉድጓዱ። «ያ ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜም ዝም ብሎኝ ሄደ። እዚህ የምመጣው ላንተ ብቻ ይመስላቸዋል። ባልዲ ሲያቀብለኝ ጣቱ እንዳይነካኝ ሲጠነቀቅ አየዋለሁ፤ ምናለ አንድ ቀን ቢሳሳት እላለሁ። እወደዋለሁ። እሱ ግን ከሰደብኩት ቀን ጀምሮ ጠምዶ የያዘኝ ይመስለኛል።»

አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ ጭንቅላት። ዎምባቱ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ሁለተኛ ጨመረ። እንስሳው አየር አሸተተ፣ አጉረመረመ፣ ዞሮ ሰፊ ቂጡን ሰጣትና አፈር በፊቷ ላይ በትኖ ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለ።

«ፈተናውን አለፈ» አሉ ሞሪን።

ብሪዲ እፎይ ብላ አፈሩን ከፊቷ ሳትጠርግ አለቀሰች። ወጥታ ከሞሪን ጎን ቆመች፤ ኤንገስን ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«አላለፈም» አለ ኤንገስ።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ሞሪን።

«ሰኞ ሰኞ… የእኔንም ድምፅ ያውቀዋል።»

«ወይ ጉድ! በጎ ፈቃደኛ ብዬ የሰበሰብኩት ሁለት ለፍላፊ ነው እንዴ? ግባ። አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ኤንገስ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ጉድጓዱን አየ። ሞሪን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «ከአጥሩ ስንወጣ የምላትን ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጃለሁ። ዐይኗን ሳይ ይጠፋብኛል። አንተ ወደ ዱር የሄድህ ቀን እሷም መምጣቷን የምታቆም ይመስለኛል። ስለዚህ ፈተናውን እንድትወድቅ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ ይቅር በለኝ። ብሪዲን እወዳታለሁ። ዛሬ ግን እለምንሃለሁ፣ እንዳትወጣ።»

ሦስቱም ጉድጓዱ ላይ አፈጠጡ። ሞሪን ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ሁለት፤ አምስት። ከጉድጓዱ ምንም ብቅ አላለም።

ድምፁን ሰምታ የመጣችለት ብሪዲ ነበረች።