የዛንጋር ውሃና የሂርቤ አርባ ጎጆዎች

ከዳርሞ ሜዳ ዝናብ በጠፋ በሰባተኛው ዓመት፣ በኤዶር ቤተ መንግሥት ደጃፍ የቆመው ጥንታዊ የድንጋይ ንስር በጠራራ ፀሐይ አለቀሰ። እንባው ደረቱ ላይ ወርዶ ፊደል ሠራ። ሊቃውንቱ ተንጠራርተው አነበቡት፦ «ዛንጋር ይታጠፋል፤ ሜዳው ይጠጣል፤ የሚያጥፈው ግን የተወለደበትን አገር በገዛ እጁ ያሰጥማል።»

ዛንጋር ከሩቅ ደጋዎች ዝናብ የሚሞላ ታላቅ ወንዝ ነበር፤ ለማንም አልበጀም እንጂ። በጥልቅ ገደል ውስጥ እየፎከረ ያልፍና፣ ከላይ የዳርሞ ሜዳን ሕዝብ በውሃ ጥም ጥሎ፣ ከታች የቆላዋን የኮልማ ቤቶች በየክረምቱ ጠራርጎ ይሄድ ነበር። ሦስት ነገሥታት ሊያጥፉት ጦር ይዘው ወረዱ። የገደሉ ጠባቂ፣ ባለ ድንጋይ ቅርፊቱ አውሬ ሙርጋድ፣ ሦስቱንም ግድብ በጅራቱ ደርምሶ መለሳቸው።

ትንቢቱ በተነበበ ጊዜ ባለ ርስቶቹ መኳንንት ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። አንዱ ወገቡን ያዘው፣ ሌላው ልጁን ሊድር ሆነ። ከሕዝቡ መሐል ግን ናሬዳ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ወደ ፊት ወጣች። ውሃ በሞላበት ቀርከሃ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የምትለካ ባለሙያ ነበረች።

«ግርማዊ ሆይ፣» አለች እጅ ነሥታ፣ «ያን ሁሉ ውሃ የሚችል ጎድጓዳ ስፍራ በመንግሥትዎ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሂርቤ ሸለቆ ነው። እኔው ለክቼዋለሁ። የተወለድሁትም እዚያ ነው። እናቴ እዚያ ናት፤ አባቴም የተቀበረው እዚያ ነው። ሂርቤን የሚያሰጥም ሰው የግድ ከተፈለገ፣ ባዕድ ከሚሆን እኔ ልሁን።»

«ሙርጋድንስ በምን ትገጥሚዋለሽ?» አላት ንጉሡ።

«እሱን ገና አላሰብሁበትም።»

ንጉሡ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ናሬዳም እጇን ወደ ንስሩ ዘርግታ ማለች፦ «ዛንጋርን ሳላመጣ ከዳርሞ ጉድጓድ አንድ ጉንጭ ብጠጣ፣ ጉሮሮዬ ይዘጋ።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ ሽማግሌው ግንበኛ ቦርጋን ነበር፤ በወጣትነቱ ሦስተኛውን ግድብ ገንብቶ፣ ሲደረመስ በዓይኑ ያየ፣ ከዚያ ወዲህ በሰማይም በምድርም ሲያጉረመርም የኖረ ሰው። ሌላው የኮልማ ዓሣ አጥማጆች የላኩት ኢልማር ነበር። እሱማ ገና ሲገናኙ እቅጩን ነገራቸው፦ «እኔ የመጣሁት ልረዳችሁ አይደለም፤ ልቆጣጠራችሁ ነው። ወንዛችንን ልታስቀሩብን ካሰባችሁ በዚህ ጦር እወጋችኋለሁ።» ቦርጋንም «ቢያንስ አይዋሽም» ብሎ ስንቁን አካፈለው።

አሥር ቀን ተጓዙ። የሚዘምሩትን ዋሻዎች ጆሯቸውን በሰም ደፍነው አለፉ፤ የጨውን ገደል በገመድ ወረዱ። ስልቻቸው ከደረቀ ሁለት ቀን አልፎ ነበር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ቀትር ላይ ከዛንጋር ዳር ሲደርሱ። ያን ጊዜ የገደሉ ግድግዳ ተንቀሳቀሰ። ግድግዳ የመሰላቸው ሙርጋድ ነበር። ጅራቱን አነሣ፤ ቦርጋንም የማይጠቅመውን መዶሻውን አነሣ።

ናሬዳ ግን ከፍርሃቱ ጥሙ በልጦባት በጉልበቷ ወደቀች። ውሃውን በእፍኟ ዘገነች፤ ከንፈሯ ጋ ስታደርሰው ቆም አለች። በዳርሞና በሂርቤ ጉድጓዶች ንጉሥም ቢሆን ከእሱ ቀጥሎ ማን እንዳለ ሳይጠይቅ አይጠጣም፤ ተከታዩ ስሙን ካልተናገረ ውሃ ከንፈር አይነካም። ሕፃን ከእናት ጡት ቀጥሎ የሚማረው ይህን ነው። ወንዝ ላይ ግን ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ ሕጉ የጉድጓድ እንጂ የወንዝ አይመስላቸውም ነበርና። ናሬዳ አስባበት ሳይሆን ለምዶባት ጠየቀች።

«ከእኔ ቀጥሎ ማን አለ?»

ኢልማር ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ኢልማር አለ። ከኢልማር ቀጥሎ ኮልማ አለች።»

የሙርጋድ ጅራት አየር ላይ ቀረ።

«ሦስት መቶ ዓመት ስጠብቅ፣» አለ፣ ድምፁ ጠጠሩን እያንቀጠቀጠ፣ «ሦስት ጦር መጣ። ሦስቱም ወንዙን ሊዘጉ እንጂ ከታች ማን እንዳለ ሊጠይቁ አልመጡም።» ምን ፈልጋ እንደመጣች ጠየቃት፤ ናሬዳም የሂርቤን ነገር ነገረችው። «ስሚኝ፣ ልጄ። ግድባችሁ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ይኑረው፤ ኮልማ በበጋ እንዳትደርቅ፣ በክረምት እንዳትሰጥም። ይህን ካደረጋችሁ ወንዙን ከሂርቤ የሚጋርደውን ተራራ በጀርባዬ ሰንጥቄ ውሃውን ወደ ሂርቤ እሰድደዋለሁ። ነገር ግን ከሂርቤ አንድ ሰው በጦር ተገፍቶ ከወጣ፣ አራተኛውንም ግድብ አፈርሰዋለሁ። በፈቃዳቸው ይውጡ።»

ናሬዳ የፈራችው ያን ጊዜ ነው። ከሙርጋድ ይልቅ እናቷን ትፈራ ነበር።

ሂርቤ አርባ ጎጆ ነበረች። እናቷ ሊዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ናሬዳ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ንግግር አደረገች። ስለሚለማው ሜዳ፣ ስለሚዞሩት የውሃ ወፍጮዎች፣ ስለሚተርፉት ከብቶች ተናገረች። ሊዋ ምስሩን መልቀሟን አልተወችም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ፣ እማዬ።»

«አባትሽንስ ምን ላድርገው?»

ናሬዳ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ኢልማር ተናገረ፦ «እማማ፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ልጆቼን ጎርፍ ወሰደብኝ። ሬሳቸው አልተገኘም፤ መቃብርም የላቸውም። ይህ ግድብ ከተሠራ ሦስተኛዋ ትተርፍልኛለች።»

ሊዋ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ስሟ ማነው?»

«ሲያን ትባላለች።»

ሊዋ ተነሣችና የቤቷን መዝጊያ በገዛ እጇ ነቀለች። በማግስቱ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙም መዝጊያዎች ተነቀሉ፤ ሂርቤ በፈቃዷ ልትወጣ ተነሣች።

ግንባታው ሁለት ዓመት ፈጀ። ቦርጋን የግድቡን አፍ ሲያበጅ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም፤ ሠራተኞቹ ታሟል ብለው ሰጉ። ሙርጋድም እንደ ቃሉ ተራራውን በጀርባው ሰነጠቀ፤ ቅርፊቱ እዚያው ተበታትኖ ቀረ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። የሂርቤ ሰዎች ኮረብታው ላይ ቆመው ጎጆዎቻቸው አንድ በአንድ ሲሰጥሙ አዩ። ከሁሉ በኋላ የሰጠመው ዳገቱ ላይ ያለው የናሬዳ አባት መቃብር ነበር። ናሬዳ ማየት አቅቷት ፊቷን አዞረች።

በዓመቱ ዳርሞ ስንዴ አጨደች። ከግድቡ ሥር ወፍጮዎች ዞሩ፤ ኮልማም ዶፍ እየወረደ ተኝታ አደረች። ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ወደተሠራችው አዲሲቱ ሂርቤ ተሰልፎ ወጣ። የዳርሞ ሰዎች እሸት፣ የኮልማ ሰዎች የደረቀ ዓሣ ይዘው፣ ኢልማርም ሲያንን በትከሻው ተሸክሞ መጡ፤ ከአርባው ደጃፎች በእያንዳንዱ ጎንበስ እያሉ አመሰገኑ። ሊዋ «ኧረ ይበቃል፣ የምቀመጥበት አጣሁ እኮ» ብላ ተቆጣች፤ ደስ ሲላት መቆጣት አመሏ ነው።

ናሬዳ ግን ከሰው ተነጥላ፣ ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። እናቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባትሽ ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ቆፈረ፣» አለቻት። «አንድ እንስራ የሚሞላ ውሃ ሳያገኝ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሞተ። ቆፍሮ ያጣውን ውሃ ይኸው ደጁ ድረስ አመጣሽለት። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ናሬዳ ዞራ ሐይቁን አየችው።