አረንጓዴው ምልክት በብር ወንዝ ላይ

ሬሳውን ያገኙት በሬ ሊያጠጡ የወረዱ የማንኩሳ ገበሬዎች ናቸው። ከድሮው መሻገሪያ ሳይርቅ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ አንድ የሾላ ሥር ሸሚዙን ይዞ አስቀርቶት ነበር። መስቀል ቢያልፍም ብር ወንዝ ገና አልጎደለም፤ ደፍርሶ፣ ጉቶና ቅጠል እያንከባለለ ይወርዳል።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም እንደደረሰች ከአጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሟቹ ይታገሱ የሚባል ወጣት ነው፤ ትናንት ከሰዓት ማዶ ሊሄድ ወጥቶ አልተመለሰም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። ጫማዎቹ በማሰሪያቸው ተቋጥረው አንገቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አብሯቸው ደግሞ በፌስታል ተደራርቦ የተጠቀለለ ስልክ አለ።

«አዳልጦት ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ያዳለጠው ሰው ጫማውን አያወልቅም። ይኸ ልጅ ተረጋግቶ ነው የገባው። ውኃው ከጉልበቱ እንደማያልፍ እርግጠኛ ነበር።»

«ኧረ የኔ ልጅ!» አሉ ሬሳውን ያወጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ ቢሰጥ። «እዚህማ ዘንድሮ ማን ይሻገራል? ሐምሌ ላይ ደራሽ ውኃ ድንጋዩን ጠራርጎ ወስዶታል። ዱላ ብትሰጅ መሬት አያገኝልሽም።»

«ታዲያ እሱን ማን ተሻገር አለው?»

መልሱ ፌስታሉ ውስጥ ነበር። ስልኩን ውኃ አልነካውም፤ በይለፍ ቃልም አልተቆለፈም። ስትከፍተው ካርታ ወጣ። ልክ እነሱ በቆሙበት ቦታ አረንጓዴ ነጥብ ተቀምጧል። ነካችው። «ተሻግሬ አይቻለሁ፤ ከጉልበት አያልፍም። ያምሮት» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፦ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ የቆመ ዱላ፣ ዱላውን የያዘ የሴት እጅ፣ በእጁ ላይ የነሐስ አምባር።

ሀብትነሽ ፎቶውን አተኩራ አየች። ከእጁ ጀርባ፣ ማዶ ላይ፣ የጤፍ ክምር ይታያል። ቀና ብላ ማዶውን ተመለከተች። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው።

*

ይታገሱና ጓደኞቹ «ወንፈል» የሚሉት የበይነ መረብ ካርታ አላቸው። ሌላ ካርታ ላይ የሌለውን የእግር መንገድ፣ ምንጭና መሻገሪያ ያየ ሁሉ ያስገባበታል፤ ነፍሰ ጡር የሚያደርስ የጤና ሠራተኛም መንገዱን ከዚያ ያያል። ከሰማይ የተነሱትን ምስሎች አገጣጥሞ አንድ ማድረግ ለአንድ ኮምፒውተር ስለሚከብድ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደምበጫና አዴት ያሉ አባላት ኮምፒውተራቸውን ያዋጣሉ፤ የአንዱ ፋይል እንዳይጠፋም በሌላው ላይ ይገለበጣል። ዛሬ ያንተ ማሽን ለእኔ ይሠራል፣ ነገ የእኔ ላንተ፤ ልክ እንደ እርሻው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ እግርህ ያልረገጠውን አታመልክት።

ሀብትነሽ ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ልጅቱን ይዘናታል። ምልክቱ በስሟ ነው። አሁን ካርታው ላይ ብታይ ደግሞ የለም፤ አጥፍታዋለች። ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እስከ ከሰዓት ይስጡኝ» አለች ሀብትነሽ።

ያምሮት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። ፎቶውን ስታይ ከአፏ ወደቀ።

«እጁ የእኔ ነው። አምባሩ ግን ጥምቀት ላይ ቡሬ ጠፍቶብኛል። ይኸ አምና ታኅሣሥ ነው። ሁላችንም አብረን ወርደን ነበር።»

«ማን አነሳሽ?»

«እንጃ። ዱላ የምይዘው እኔ ነበርሁ፤ የሁሉም ስልክ ተደቅኖ ነበር።»

«የይለፍ ቃልሽንስ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ገጠር ስወርድ ኢንተርኔት የለም። ደውዬ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ በስሜ ያስገቡልኛል።» ነጠላዋን አይኗ ላይ አደረገች። «የፊታችን እሁድ ይታገሱ ሽማግሌ ሊልክ ነበር እኮ፣ እቴቴ። አባቴ ጋ፣ ቡሬ።»

*

የወንፈል ቢሮ ከማተሚያ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መምህር መልካሙ ማኅበሩን የመሠረቱ ሰው ናቸው፤ ገና ወንበር ሳያቀርቡላት ጀመሩ።

«ወንፈልን ያቋቋምሁት እኔ ነኝ። ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ግን "ይታገሱ የታለ?" ነው። እኔ እዚህ እንደ በር ዘብ ቆሜያለሁ!»

«ቀንተውበታል?»

«ደብቄው አላውቅም። ግን ስሚኝ ልጄ፣ የካርታው መዝገብ ላይ እንዳየሁት ምልክቱ ጎህ ሲቀድ በያምሮት ስም ነው የጠፋው። ያኔ እኔ ኪዳን ላይ ነበርሁ፤ ካህናቱን ጠይቂ።»

«ሌላ ቅናተኛ አለ?»

«አባላችንን ስመኝን ጠይቂያት። ጓደኛውን ቻላቸውን ግን ተይው፤ ልጁ ቅዱስ ነው። ሌላው የኮምፒውተሩን ጥግ ሲያዋጣ እሱ ያለውን በሙሉ ነው የሰጠን። ስልኩ ሳይቀር ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይገለብጣል። እንዲህ ያለ ለጋስ አይቼ አላውቅም።»

ሀብትነሽ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ስመኝ የስልክ መሸጫዋ ውስጥ አይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ተጠይቃ ሳትጨርስ መለሰች።

«አዎ፣ ቀንቼባታለሁ! እኔ ቀድሜ አውቀዋለሁ፣ እኔ ስልኩን ሠርቼለታለሁ፤ እሷ ዱላ ይዛ ውኃ ውስጥ ስለቆመች ወደዳት። ይበቃሻል?»

«ያምሮት ብትታሰር ደስ ይልሻል?»

«ትናንት ብትጠይቂኝ አዎ እልሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ቻላቸው የይታገሱ የልብ ጓደኛ ነው፤ ለሠርጉም አንደኛ ሚዜ ሊሆን ነበር። ከለቅሶው ቤት አውጥታ ከአጥር ሥር አነጋገረችው።

«ይታገሱ የማንንም ምልክት አያምንም ነበር፣ ኢንስፔክተር» አለ አይኑን እየጠረገ። «የእኔን እንኳ። የእሷን ብቻ። ያምሮት ባመለከተችበት ላይ አይኑን ጨፍኖ ይገባል።»

«ስለዚህ እሷ ናት የምትለኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! እሷ አይደለችም! ወንዝ ነው፣ ወሰደው፣ አለቀ። ለምን ሰው ይፈለጋል? ይልቀቋት።»

ሀብትነሽ ከዚያ ወጥታ ደምበጫ ደወለች። እዚያ ፍሬሕይወት የምትባል የማኅበሩ አባል ኮምፒውተሯን ለወንፈል አዋጥታለች። የምትፈልገውን ነገረቻትና መልሱን ጠበቀች። መልሱ ሲመጣ አትማ በፖስታ ያዘችው።

*

ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ያምሮትን ፖሊስ አመጣት፤ አለቃውም ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ፎቶ የአምና ታኅሣሥ ነው» ጀመረች ሀብትነሽ። «የጤፍ ክምሩ ይናገራል። አንድ ሰው አሮጌ ፎቶ አውጥቶ፣ በያምሮት ስም ገብቶ፣ የሞላ ወንዝ ላይ ለጠፈው።»

«ወይም ራሷ ያምሮት» አለ አለቃው።

«እሷ ብትሆን ምልክት ምን ያደርግላታል? ደውላ "በዚህ ና" ብትለው ይመጣ ነበር። ምልክት የሚያስፈልገው በእሷ አፍ መናገር ለማይችል ሰው ነው።»

ስመኝ ተነሳች። «እኔን እያልሽኝ ነው?»

«ተቀመጭ። አንች ብትሆኝ ምልክቱን ትተይው ነበር። እሱም ይሞታል፣ እሷም ትታሰራለች፤ ቂምሽን በሁለቱም ላይ ትወጭ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ አጠፋው። መሞቱን ማን ያውቅ ነበር? የገደለው። ምልክቱ ማንን ነበር የሚያስጠይቀው? ያምሮትን። ስለዚህ ገዳዩ እሷ እንድትነካ የማይፈልግ ሰው ነው። በይታገሱ ስልክ ላይ ቅጂ እንደሚቀር ግን፣ ውኃው ያበላሸዋል ብሎ ረሳው።»

መልካሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማኅበሩ ስም ብዬ እኔም አጠፋው ነበር።»

«ኪዳን ላይ እንደነበሩ ቄሱ መስክረዋል፣ መምህር። ስልክዎን ያሳዩኝ እስቲ፤ አምና ወንዝ የወረዳችሁ ቀን ምን አነሱ?»

መልካሙ ከፍተው ሰጧት፦ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ዱላ። ስመኝም የራሷን አሳየች፦ ገጽ በገጽ የራሷ ፊት። ሳቅ ሊያመልጠው የነበረ ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ።

«ያንተስ፣ ቻላቸው?»

«እኔ... አጥፍቻቸዋለሁ።»

«ከስልክህ። ከኮምፒውተርህም። ግን ያለህን በሙሉ ለወንፈል አዋጥተሃል። ስልክህ ኮምፒውተርህ ላይ ይገለበጣል፣ ኮምፒውተርህ ደግሞ ደምበጫ ላይ። አንተ ብታጠፋውም እዚያ የቀረው ቀርቷል። የሚያዋጣ ሰው ምን እንዳዋጣ አንዳንዴ ይረሳል።»

ፖስታውን ከፍታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ያው ዱላ፣ ያው አምባር፣ ያው ክምር። ካርታው ላይ ከተለጠፈው ተቆርጦ የቀረው ግን እዚህ አለ፦ ጥርሷ እስኪታይ የምትስቅ ያምሮት።

«ፊቷን ቆርጠህ እጇን ለሞት አዋስኸው» አለች ሀብትነሽ።

ያምሮት ፎቶውን አነሳችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይታገሱ ማዶ ቆሞ አንድ ጫማው በውኃ ሲሄድበት ነው» አለች። «ያኔ የሳቅሁት ለእሱ ነው።»

ቻላቸው ቀና አላለም።

«አውቃለሁ» አለ። «ባየሁት ቁጥር አውቃለሁ። እንዳያምንሽ ነበር የፈለግሁት። ረጥቦ፣ ደንግጦ እንዲመለስ።»

«ረጥቦ የሚመለስ ሰው ምልክቱን ተነስተህ አታጠፋለትም ነበር» አለች ሀብትነሽ። «ጠብቀህ ትስቅበት ነበር።»

አለቃው ሰዓቱን ማየት ትቶ ካቴናውን አወጣ።

*

ከአርባው በኋላ ያምሮት ብር ወንዝ ወረደች። ስመኝ ሳትጠራ ተከተለቻት፤ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ያምሮት ዳር ቆማ ዱላውን ሰደደችው። ውኃው እስከ እጇ ዋጠው፣ መሬት አላገኘም።

ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ አስቀመጠች። «እዚህ አይሻገሩ። ያምሮት» ብላ ጻፈች፤ በራሷ ጣት።

ስመኝ ፎቶውን ልታነሳ ስልኳን ወደ ዱላው አወረደች።

«ከፍ አድርጊው» አለች ያምሮት። «ፊቴም ይግባ።»