ከሟች የመጡ ሁለት መልሶች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ። ወንበር ያጣ ከእኔ ጎን ይሁን። የአንድ ደግ ሰው አሟሟት ነው የምነግራችሁ። ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ እናንተም አትቸኩሉብኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ የወረቀት ማከማቻው ሲከፈት አራሚው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አራሚ ማለት መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የፊደል ስሕተት የሚለቅም ሰው ነው። እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለቅም ኖሯል። ማከማቻው መስኮት የለውም፤ አምፖሉም ከተቃጠለ ቆይቷል። በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ከውጭ ብቻ ነው። ወረቀቱ እስከ ጣሪያ ስለተከመረ ሰው የሚቆምበት ቦታ እንኳ ጠባብ ነው፤ አየሩም አቧራ አቧራ ይላል። አራሚው ደግሞ አስም ነበረበት። ኮቱ ከነሚነፋው መድኃኒቱ፣ ከነቀይ እርሳሱ፣ ፎቅ ላይ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ስልኩም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሟቹ ሁለት መዳፎች አብጠዋል።

«ሲደበድብ ነው» አለች መርማሪዋ፣ በሩን እየዳሰሰች። «አቅሙ እስኪያልቅ ደብድቦታል።»

መርማሪዋ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ ስትወጣ ከራሷ ጋር የምትጨቃጨቅ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ሰው በተጣደፈ ቁጥር የምትለው እሱን ነውና።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «ክፍሉ የታፈነ ነው፤ ሙቀቱ ያሳስታል። ከዓርብ ምሽት እስከ እሑድ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሞተው፤ ከዚህ በላይ አልልም።»

በመጀመሪያ የተጠየቀችው ልጁ ናት። አልወለዳትም፤ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጓት ነው። በማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ነች፤ የምትኖረውም ከእሱ ጋር፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ቤት ነው። የማከማቻው ሁለተኛ ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው ባለማተሚያው ጋ ነው።

«ስልኩ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«እሱማ የጤናው ነው እትዬ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ‹አለህ?› ይለዋል፤ እሱም ይመልሳል። ‹በስተርጅና ጨቅጫቃ ሚስት አገባሁ› እያለ ይስቅ ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ፊቷን ሸፈነች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠፋ አልፈለግሽውም?»

«ዓርብ ከቀትር ጀምሮ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ‹አባዬ የት ነህ?› ብዬ ላኩለት። ይኸው የመለሰልኝ።» ስልኳን ዘረጋች። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ጓደኛዬ ጋር አለው። ሰኞ እመጣለው።»

«ሰኞ ላሾፍበት ነበር ያስቀመጥኩት» አለች። «እኔ በልጅነቴ እንዲህ ብጽፍ ሃያ ጊዜ ያስደግመኝ ነበር። እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆናል ብዬ ሳቅሁበት፤ ሳቅሁበት እትዬ!»

መርማሪዋ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

የማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ ከሙጫው ቆርቆሮ ቀና ሳይል ነው ያናገራት። ሽማግሌ ነው፤ ጣቶቹ እንደ መዶሻ እጀታ ወፍረዋል።

«አንተ የምትጠርዘውን ታነባለህ?»

«እኔ መጽሐፍ የማውቀው በጀርባው ነው ልጄ። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ደራሲውን ጠይቂ። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ገጽ አላዛንፍም።»

«ዓርብ ምን ሰማህ?»

«አመሻሹ ላይ ወንድማማቾቹ ሲጣሉ። አራሚው ‹ሰኞ እነግራታለሁ› ይላል፤ ባለማተሚያው ‹አፍህን ያዝ› ይላል። ምኑን እንደሆነ እንጃ፣ ማሽኑ ይጮሃል። እኔ ወጥቼ ሄድኩ።»

«የልጅቷን እናት ታውቃታለህ?»

እጁ ሙጫው ላይ ቆመ። «እዚሁ ወረቀት አጣፊ ነበረች። ልጅቱ ሁለት ዓመቷ ሳለ ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ ያን ዕለት ሞተች። ቦርሳዬን ረሳሁ ብላ ተመልሳ ገባች ይባላል። ልጅቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም፤ ‹ለቦርሳ ብላ ተወችኝ› ትላለች።»

ባለማተሚያው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተመዘነ አነጋገር። ዓርብ ምሽት ከከተማ ወጥቶ፣ ለማሽኑ መለዋወጫ ሲፈልግ ከርሞ፣ ሰኞ ጠዋት መግባቱን ተናገረ። «ቅዳሜና እሑድ ያየኝ ሰው ብዙ ነው ወይዘሮ። ደግሞ ወንድሜ እሑድ ጠዋት ደኅና ነበር፤ ስልኩ ይመሰክራል።»

የመርማሪዋም አለቃ በስልክ ይህንኑ አለ። «እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ‹አለሁ› ብሎ የመለሰ ሰው፣ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት አለ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረችው ልጅቱ ብቻ ናት፤ ቁልፍ አላት። ነገ ቀትር ላይ ክስ ይመሠረትባታል።»

«የስልክ ድርጅቱ ስልኩ የት እንደነበረ እስኪነግረን ቀስ በሉ።»

«ሁለት ሳምንት ልንጠብቅ? ነገ ቀትር አልኩሽ።»

እሷ ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። የስልኩን ጥያቄ የሚልከው መተግበሪያ ውስጥ ገብታ ደንቡን አንብባ ነበር፦ ሁለት ጠዋት በተከታታይ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ ባለቤቱ ሞቷል ተብሎ ያስቀመጠው ደብዳቤ ለመረጠው ሰው ይላካል። ደብዳቤው የሚከፈትበትን የምስጢር ቃል ግን አላገኘችም። የሰኞው ጥያቄ ስልኩ በፖሊስ እጅ ሳለ መጥቶ ሳይመለስ አልፏል። የቀረው ማክሰኞ ነው።

ልጅቷን፣ ጠራዡንና ባለማተሚያውን ጠራቻቸው። «ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማተሚያ ቤት ተገኙ። ስትደርሱ በስልኬ አሳውቁኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ ከመኪና የምወርደው ሁላችሁም ስትሟሉ ነው።»

ማክሰኞ ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መሐል መጣች፤ ቁልፉ ከአንገቷ ላይ ተወስዷል። አራሚው ይሠራበት የነበረው ክፍል ጠባብ ነው፤ አራት ወንበር ሲገባበት በሩ አይዘጋም። መርማሪዋ ግን ወንበሯን ገፍታ ዘጋችውና የሟቹን ስልክ መሐል ላይ አስቀመጠች። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ በራ።

«አለህ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሩብ ሰዓት አለን» አለች መርማሪዋ። «እስከዚያ ላጫውታችሁ።»

«ምንድን ነው ይህ ጨዋታ?» ባለማተሚያው አንገትጌውን ላላ አደረገ። «ዝጉት እባካችሁ! የሞተ ሰው ደብዳቤ ለማንም አይበጅም።»

«ቀስ ይበሉ። የምን ደብዳቤ?»

ባለማተሚያው እጁን ከአንገትጌው አወረደ።

«ልጁ የጤና ጥያቄ ነው ብላ ነው የምታምነው። ጠራዡ ስለ ስልኩ ምንም አያውቅም። ደብዳቤ እንዳለ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተነፈስኩም። እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«እሱ... ወንድሜ ነግሮኝ ይሆናል።»

«ይሆናል አይደለም፣ ነግሮዎታል፤ ዓርብ ዕለት፣ ስትጣሉ። እንግዲህ የስልኩን መልስ እንየው።» የስልኩን ፊት ወደ ሁሉም አዞረች። «ከዓርብ በፊት ያለው እያንዳንዱ መልስ ‹አለሁ› ነው። የቅዳሜና የእሑዱ ግን ‹አለው›። አለቃዬም እኔም እንደለመድነው አንብበን አልፈነዋል። አራሚው ግን አለሁንና አለውን አያምታታም። አንዱ እኔ በሕይወት አለሁ ነው፤ ሌላው እገሌ የሆነ ነገር አለው ነው። በዚህ ነበር እንጀራ የሚበላው።»

ጠራዡ በግርምት ራሱን ነቀነቀ። «በአንድ ፊደል?»

«በአንድ ፊደል። እንግዲህ ቅዳሜም እሑድም የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ለምን ይመልሳል? ቅዳሜ ጠዋት አራሚው እንደማይመልስ ስላወቀ። ስለዚህ የተቆለፈበት ዓርብ፣ ከጠቡ በኋላ ነው፤ ያን ሰዓት ደግሞ ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ከሃያ ሰው ጋር ነበረች።»

«እንደዚያ የሚጽፍ ሰው ሺህ ነው!» አለ ባለማተሚያው።

«ልክ ነዎት፣ ሞልቷል። እዚህ ግን ሦስት ናችሁ።» የራሷን ስልክ አወጣች። «ጠዋት ስትደርሱ አሳውቁኝ አልኩ። ልጅቷ ‹ደርሻለሁ› ብላ ጻፈች። ጠራዡ ደውሎ ‹ውረጂ እንጂ አንቺ ሴትዮ› አለኝ።»

«መጻፍ ስለማልችል ነው» አለ ጠራዡ አፍሮ።

«እርስዎ ‹ደርሻለው› ብለው ጻፉልኝ። ዕድሜዎን ሙሉ የጻፉትን ሁሉ ወንድምዎ ሲያርምልዎ ኖሯል፤ ስሕተትዎን አይተውት አያውቁም። የማከማቻው ቁልፍ አለዎት፤ ስልኩን ይዘው ሄደው ሰኞ መልሰው ማስቀመጥ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

የስልኩ ሰዓት ሦስት ከአሥራ ሁለት ይላል። ባለማተሚያው ድንገት እጁን ሰደደ። ጠራዡ ግን ቀደመው፤ ያ ሰፊ መዳፉ ስልኩን እንዳለ ሸፈነው።

«ተው ወንድሜ» አለው ጠራዡ ለስለስ ብሎ። «ይበቃል።»

ባለማተሚያው ወደ በሩ ዞረ። ፖሊስ ቆሞበታል። ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ፍርግርግ ብረት ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ልገድለው አልነበረም። ‹በቁሜ ካልነገርኳት ስሞት ይደርሳታል› አለኝ። ‹ሐሳብህን እስክትለውጥ እዚያው ቁጭ በል› ብዬ ቆለፍኩበት። ደበደበ፣ ደበደበ። ዝም ሲል ተስማማ ብዬ ከፈትኩ...»

«ሞቶ አገኙት። መልሰው ቆለፉበት።»

«ምን ላድርግ? ካልመለስኩ ይላካል!»

«እሱስ እስትንፋሱ ሲያጥር ተገላገለ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን ጠዋት ጠዋት የሞተ ሰው ሆነው ሊመልሱ ነበር።»

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። የልጅቷ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አነበበችው፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳይኖረው። ከዚያ ለጠራዡ ስትል ጮክ ብላ ደገመችው፦

«ልጄ፤ እናትሽ ለቦርሳ አልተመለሰችም። የቦርሳውን ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛ እንዳይወጣ ወንድሜ በሩን ከውጭ ቆልፎት ነበር፤ ‹ክፍት ነበር› ብዬ መሰከርኩለት። ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ስለቅም የራሴን አንዷን ማረም አቃተኝ። ያን ዕለት ከበሩ ጀርባ ሆና የጠራችው አንቺን ነው።»

ፖሊሶቹ ባለማተሚያውን ይዘው ወጡ። ልጅቷን የያዛት አልነበረም። ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ወደ እኔ እየመጣች ነበር እኮ» አለች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ለራሷ ነው የነገረችው። ጠራዡ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ራሷን ዳበሳት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስለዚያች ወረቀት አጣፊ የሚያወራ አንድ ቀን ያጋጥማችሁ ይሆናል፤ ለቦርሳ ሞተች ይላችኋል፤ ወሬ ቶሎ አይሞትም። ያን ጊዜ አትቆጡት። ወደ ልጇ ስትሮጥ በር እንደተቆለፈባት ንገሩት፤ እናንተም አደራ፣ አስታውሱልኝ።