አንድ ሸሚዝ

ሰውየው ሲሞት በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨበጨበለት። ሠላሳ ዓመት በአርባ ፊልም ሞቷል፤ የሚያውቀው ሁሉ ስሙን ትቶ «ሟቹ» ይለዋል። ዛሬም አፉ ውስጥ የያዘውን የውሸት ደም አፍስሶ ወደቀ፤ እጁን ከካሜራው ጀርባ ወደቆመችው እህቱ ዘረጋ፤ ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ «አለቀ! መብራት አጥፉ» ሲል ሁሉም ወደ ምሳ ሄደ። ከሞተ በኋላ ትንሽ ጋደም ማለት ልማዱ ስለነበር ማንም አልቀሰቀሰውም።

ከምሳ መልስም ሳይነሣ ሲቀር የተጠራው ሐኪም መርዝ ነው አለ፤ ከውሸት ደሙ ጋር የተቀላቀለ። ደሙን የምትበጠብጠው ሜካፕ ሠሪዋ፣ ታናሽ እህቱ ናት። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ እህትየው ካቴና ገብቶላት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጣለች።

«ከበጠበጥሽ በኋላ ማን ገባ?»

«ማን የማይገባ አለ? ዋናው ተዋናይ ፊቱን ሊቀባ፣ ዳይሬክተሩ ሊቆጣ።»

«ወንድምሽ ከማን ተጣላ?»

«ኧረ ወንድም ጋሼ ከማን ይጣላል! ብቻ ሰሞኑን ‹ከእንግዲህ አልሞትም፤ የሰረቁኝን ድርሰት አስመልሳለሁ› ይል ነበር። እኔ ደግሞ ሳቅኩበት።»

ኢንስፔክተሯ መስቀያውን አየች። ባዶ ነው።

«ደም የነካው ሸሚዝ ለድጋሚ ቀረጻ አይሆንም። ቅያሪው የታለ?»

«ሁልጊዜ አምስት ሸሚዝ ተኩሼ እሰቅል ነበር። ዳይሬክተሩ ‹እንደ ሰው ሙት እንጂ!› እያለ አምስቴ ነው የሚገድለው። ትናንት ግን አንድ ይበቃል አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። ሁሉንም ሬሳው ወደነበረበት ወለል ሰበሰበቻቸው።

«ዋናው ተዋናይ ሟቹን ይንቀው ነበር። የናቁትን ሰው መርዞ ምን ይገኛል? እህቱም ብትሆን ራሷ ብቻ በምትበጠብጠው ነገር ውስጥ መርዝ ጨምራ እጇን ለካቴና አትሰጥም።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «አንተስ? ሠላሳ ዓመት በአንድ ቀረጻ አሳልፈኸው አታውቅም። ዛሬ ሁለተኛ እንደማይነሣ ከትናንት ጀምሮ በምን አወቅክ?»

«ወጪ ለመቀነስ ነዋ! ለአንድ ሸሚዝ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?»

«ስምህን ያስጠራው ፊልም ድርሰት በሟቹ እጅ ተጽፎ ሳጥኑ ውስጥ አግኝተነዋል። ሊያጋልጥህ ነበር። ደሙ ተበጥብጦ ሲያልቅ ልትቆጣ ገባህ፤ መርዙን ጨምረህ ወጣህ።»

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ላቡን ጠረገ፤ ቀጥሎ ሳቀ።

«ስንት ዘመን ለምኜው አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልሞተልኝም። ዛሬ ግን አያችሁት አይደል?»

ካቴናውን ከእህትየው ፈትተው ለእሱ አጠለቁለት። እሷ ግን ነጻ ነሽ ቢሏትም ንቅንቅ አላለችም፤ የተፈቱ እጆቿን ታያለች።

«እጁን ሲዘረጋልኝ» አለች፣ «እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።»