ሦስት ሰከንድ የሚቆየው መልእክት

ጢን...

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ስክሪኑን ገና አላየሁትም።

የዚህ ቻናል ሰዎች፣ ድካም ያመጣው ቅዠት ነው እንዳትሉኝ። በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛችን ላይ ተኝታለች። ቢሮው ውስጥ እኔና ታላቅ እህቴ እታለም ብቻ ነበርን። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ለምንሠራበት ሕንፃ የበር መዝገብ የሚሆን ድረ ገጽ እየሠራን ነበር። ሰው ሲገባና ሲወጣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ መልእክት ብቅ ትላለች። ሦስት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። የማውሱ ቀስት ካረፈባት ግን አትጠፋም፤ አንብበው እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። እንዲያ አድርጌ የጻፍኳት እኔው ነኝ።

ሰኞ ዕለት፣ ማንም በበሩ ሳይገባና ሳይወጣ፣ «ዘበኛው እየወጣ ነው» ብላ ብቅ አለች። የኮድ ስህተት መስሎኝ ተውኳት።

ጠፋች።

ዘበኛው ቁልፉን ወንበሩ ላይ ትቶ ሄደ... ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አሁን ደግሞ...

«እታለም እየወጣች ነው።»

እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ቀስቱን አሳረፈባት።

እታለም ፊት ለፊቴ ጫማዋን አውልቃ ትጽፋለች።

«አንተ፣ ምነው አመድ መሰልክ?»

«ምንም...»

«ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይንህ አልዞረም። ተነስና ፊትህን ታጠብ።»

«አልችልም።»

«ማውሱ ይበርብኛል ብለህ ነው?» ሳቀች።

«እታለም... ከዚህ እንዳትነሺ።»

«አንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

አሥር ሰዓት ሆነ... አሥራ አንድ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ዓይኔ ይከደናል፤ በግድ እከፍተዋለሁ። እሷም መጠየቅ ሰልችቷት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

አንዴ ብቻ... አንዴ ብቻ አንገቴ ዘመም አለ።

ብንን ስል ቀስቱ አንድ ጣት ያህል ተንሸራቷል።

ጥጉ ባዶ ነው።

ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ።

«እታለም?» አልኩ በሹክሹክታ።

የቤታችንን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው... ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደምታስቀምጥ።

ከዚያ በባዶ እግሯ ወጣች።