እሺ ያላለችው አንባቢ

ደራሲው አንድም ቀን ምዕራፉን በሰዓቱ አድርሶ አያውቅም። ልቦለዱ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ይተረካል፤ ገጾቹ ግን ስቱዲዮ የሚደርሱት የሥርጭት መጀመሪያዋ ቀይ መብራት ልትበራ ስትል ነው። አንባቢዋ አስቀድማ ልታያቸው ቀርቶ ትንፋሿን የምትሰበስብበት ጊዜ እንኳ የላትም። ታሪኩን የምትሰማው ከአድማጩ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ያቺን ወንበር ያገኘቻት በዋዛ አልነበረም። ለዓመታት የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያና የአየር ጠባይ ስታነብ ኖራለች። «ልቦለድ የወንድ ድምፅ ይፈልጋል፤ የሴት ድምፅ ለሕፃናት ዝግጅት ነው የሚስማማው» ይል ነበር የጣቢያው ኃላፊ። የቀድሞው ተራኪ ጉንፋን ድምፁን የዘጋው ዕለት ግን የሚተካው ሰው ጠፋና እሷ ተቀመጠች። በማግስቱ አድማጮች «እሷው ታንብብ» እያሉ የጣቢያው ስልክ እረፍት አጣ። ኃላፊው ከዚያ ወዲህ አፉን ቢይዝም ዓይኑን ከወንበሯ ላይ አልነቀለም።

ከደራሲው ጋር የተገናኙት ደረጃ ላይ ነው። እሱ ገጾቹን ታቅፎ እያለከለከ ይወጣል፤ እሷ «ዛሬም ቀረ!» እያለች ትወርዳለች። ለመተላለፍ ሁለቱም ወደ ግራ አሉ፤ ደግሞ ሁለቱም ወደ ቀኝ አሉ።

«አንቺ ነሽ የምታነቢው?» አላት።

«እርስዎ ነዎት የሚያስለቅሱን?» አለችው። «ሴቶችዎ ሲወዱ ያለቅሳሉ፣ ሲጠሉ ያለቅሳሉ። የእኔ ጉሮሮ ነው የሚያልቀው!»

«ታዲያ ምን ያድርጉ?»

«ይሳቁ! ይሳደቡ! አውቶቡስ ያምልጣቸው! ሰው አይደሉም እንዴ?»

ደራሲው እንደ መደንገጥም እንደ መሳቅም አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ባለታሪኳ አውቶቡስ አመለጣት፤ ሹፌሩንም እስኪወጣላት ድረስ ሰደበችው። አንባቢዋ ማይክራፎን ፊት ሳቋን መያዝ አቃታት። ያን ዕለት ልቧ ተሰረቀ፤ ለምን ይዋሻል።

«እርስዎ» ሳይቆይ «አንተ» ሆነ። ማምሻውን በር ላይ ይጠብቃትና እስከ ሰፈሯ ይሸኛታል። መንገድ ላይ አንዳንዴ ይቆምና ያያታል፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ መልሶ «መሸ» ይላል። እሷ ቤቷ ገብታ መቀመጥ ያቅታታል። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች።

«ወንድ ልጅ እስከ ደጅ ከሸኘሽ ምን ቀረ?» ትላታለች እናቷ። «ብቻ አንቺ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ።»

«እማዬ ሙች፣ ምላሴን ከሰበሰብኩማ ሥራዬን በምኔ ልሠራው ነው?»

አንድ ሐሙስ ገጾቹ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው ገቡ። ከመስታወቱ ወዲያ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የድምፅ ባለሙያ እጁን አነሳ። መብራቷ በራች።

ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጉንጯ ጋለ። ባለታሪኳ የሬዲዮ አንባቢ ሆናለች። እንደ እሷ እርሳስ ትነክሳለች፤ እንደ እሷ ስትናደድ አንድ ቅንድቧ ይነሳል። ወዳጇ ቀለበት ይዞ መጥቶ «አግቢኝ» ይላታል። አንባቢዋ ደስታ ድምፅዋን እንዳይሰብረው እየተጠነቀቀች ገጹን ገለጠች። ልታነበው ስትል ዓይኗ ከአፏ ቀደመ።

‹እሺ› አለች እንባዋ እየወረደ። ‹ከዛሬ ጀምሮ ድምፄ የቤታችን ብቻ ነው። ወንበሬን ለሌላ ለቅቄያለሁ።›

ዝም አለች። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ጉድ ነው። ጋሼ በመስታወቱ በኩል እጁን ያወናጭፍ ጀመር። እሷ ያችን ወንበር እስክታገኝ የወረደባትን ታስባለች፤ ደግሞም ሰውየውን ትወደዋለች።

«አድማጮቼ» አለች በመጨረሻ፣ «እዚህ ላይ ልጅቷ ‹እሺ፣ ሥራዬን ለቅቄያለሁ› ብላለች ይላል። ሥራዋን ትተው እንደሆነ የጠየቃት ሰው ግን የለም። ያልተጠየቀችውን እኔ አልመልስላትም።»

ጋሼ ሙዚቃ ለቀቀ።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊው ጠበቃት። «በሚቀጥለው ሐሙስ በአየር ላይ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ አለዚያ ወደ ጠፋ ዕቃሽ!» ብሎ ቢሮውን ጠርቅሞ ገባ። ወዲያው ደራሲው ደረሰ፤ በር ላይ በዘበኛው ሬዲዮ ሲሰማ ነበር።

«አገር እየሰማ አዋረድሽኝ እኮ!»

«አገር እየሰማ ያጨኸኝስ አንተ አይደለህ?»

«ደስ ይላታል ብዬ ነዋ! ደሞ ልቦለድ ነው።»

«ልቦለድ ከሆነ የእኔን እርሳስ ምን አስነከሳት? ሥራዬን እንደምተውስ ማን ነገረህ?»

አቀረቀረ። «ማንም። ያነበብኩት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ሌላ መጨረሻ መኖሩ አልታየኝም።»

ውሸት እንዳልሆነ ፊቱ ይናገር ነበር፤ እሷን ያሳዘናትም ይኸው ነው። ኃላፊው ያላትን ነገረችው። ደራሲው ደሙ ፈላ።

«እንዲህማ ከሆነ ልቦለዴን አነሳለሁ! አሁኑኑ ገብቼ…» እጁ የቢሮው እጀታ ላይ ደረሰ።

«አሁንም ሳትጠይቀኝ!» ጮኸች። «አንተ ልቦለድህን አንስተህ ጀግና ስትባል የእኔ ወንበር ምን ሊሆን ነው? እኔ እየወደድኩህ እንደ ሴቶችህ አልቅሼ ልቅር?»

«እየወደድኩህ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙ። ተያዩ። ከቢሮው ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ደራሲው እጁን ከእጀታው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

«ምን ላድርግ?» አላት። ስለ ሴት ልጅ ይህን ያህል የጻፈ ሰው ይህችን ጥያቄ ሴትን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

«ልቦለዱ አይነሳም፤ እኔው አነበዋለሁ። ይቅርታም አልጠይቅም። የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ አጠገቤ ቁም።»

«ቀለበቱስ?» አላት ኪሱን ዳብሶ፤ እንደ ባለታሪኩ እሱም ገዝቶ ይዞ ነበር የመጣው።

«ኪስህ ይቆይ። ስፈልገው እጠይቅሃለሁ።»

አንኳኩታ ገባች። ያላትን ሁሉ ሳትንተባተብ ተናገረች። ኃላፊው እሷን አልፎ ደራሲውን አየ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እሷ ያለችውን።»

ኃላፊው የሚጮኸውን ስልክ አንስቶ አዳመጠና ዘጋው። ሌላ ጮኸ። ከሚደውለው ግማሹ ይሰድባታል፣ ግማሹ ይመርቃታል፤ ሁሉም ግን ሐሙስ እሷ ትኖር እንደሆነ ይጠይቃል። «በሉ ውጡልኝ» አለ እየመረረው፤ «ሐሙስ አንብቢ።»

በአዲሱ ምዕራፍ ባለታሪኳ መልስ አልሰጠችም። በሚቀጥለውም አልሰጠችም። አውቶቡስ ውስጥ ድምፅዋን ያወቁ ሰዎች «ምን አለችው?» እያሉ አንባቢዋን ያስቸግራሉ። «እያሰበችበት ነው» ትላቸዋለች። አሁን እንቅልፍ ያጣው ደራሲው ነው። ሲሸኛት ኪሱን ይዳብሳል፣ ይከሳል፣ አንዲት ቃል ግን አይተነፍስም። ያ ዝምታው ከጻፈው ሁሉ ይበልጥ ልቧን እያባባው ሄደ።

አንድ ቀን ከስቱዲዮ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«በል አምጣው» አለች።

«ምኑን?»

«ቀለበቱን ነዋ! ላገባህ ነው። ሥራዬንም እሠራለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን!» እጁን ኪሱ ከተተ። ሌላውን ኪስ ሞከረ። የደረቱን ዳበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያን ዕለት ሌላ ጃኬት ነበር የለበሰው።

አንባቢዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ጋሼም ከስቱዲዮው በር ብቅ ብሎ ምኑም ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

«ሂድ አምጣው» አለችው። «የትም አልሄድም።»

ደራሲው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።