የታችኛው ቋት

መጋዘን ጠባቂው ማክሰኞ ማታ የተገኘው ከፖም ሳጥኖቹ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ደም የለም፤ ቁስል የለም፤ የግብግብ ምልክትም የለም። ከበሩ በላይ አረንጓዴው መብራት እንደበራ ነበር፤ «አየሩ ጤነኛ ነው፣ ግባ» ማለት ነው። ፖም ሳይበሰብስ እንዲከርም ክፍሉ ታሽጎ ኦክስጅኑ ይቀነስበታል። ሰው የሚገባው ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ንጹሕ አየር ሲያስገባ ውሎ፣ ያ መብራት ከበራ በኋላ ብቻ ነው። እሱም መብራቱን አምኖ ገባ፤ እንደገባም ቀረ።

መርማሪዋ በሦስተኛው ቀን ስትጠራ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር። የሟቹ ሚስት «ገዳዩ እኔ ነኝ» ብላ ቃሏን ሰጥታለች፤ በማግስቱ ክስ ሊመሠረትባት ነው። መርማሪዋን ግን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሌላው ነፍቶ የጨረሰውን ዱቄት መልሳ ካልነፋች እንቅልፍ አይወስዳትም።

«መብራቱን የሚያዘው ፕሮግራም የእኔ ሥራ ነው» አለች ሚስትየው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ማክሰኞ ረፋድ ላይ አሻሽዬ ጫንኩት። ተሳስቼ ነው።»

«ስህተቱን እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ። እኔ ከኮምፒውተር የማውቀው ማጥፋቱን ነው።»

«ማሽኑ አሮጌ ነው። ፕሮግራሙ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ተጽፎ ‹ጥበቃ ያለው› በሚሉት ስልት ስለሚሠራ ሰፊ ማህደረ ትውስታ አለው። የኦክስጅኑን ልክ ከመለኪያው የሚያመጣው ካርድ ግን እጁ አጭር ነው፤ ከማህደረ ትውስታው የታችኛው አንድ ሜጋባይት አልፎ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ልኩን የሚያስቀምጥበትን ቋት እዚያው ታች፣ በልዩ ትእዛዝ መጠየቅ አለብን። እኔ ኮዱን ላሳጥር ብዬ በተለመደው ትእዛዝ ጠየቅሁ። ቋቱ ከላይ በኩል ተሰጠኝ። ካርዱ ከታች ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ከላይ ያነባል፤ አልተገናኙም።»

«ቋቱ መጀመሪያ ሲሰጥሽ ውስጡ ምን አለ?»

«ዜሮ። ሁልጊዜ በዜሮ ነው የምሞላው። ወንድም ጋሼ ሙያውን ሲያስተምረኝ ያስለመደኝ ነው።»

«ከጫንሽው በኋላስ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ እንዲነሳ አዝዤ፣ ጥርሴን ላስነቅል ሄድኩ።» ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ባሌ ‹የሚስቴን መብራት ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?› ይል ነበር።»

ታላቅ ወንድሟ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሦስቱንም ቀን ከአጠገቧ አልተለየም፤ ውሃ ያቀርብላታል፣ ያባብላታል።

«ሆን ብላ አይደለም፣ እመቤቴ። ሰው ናት፤ ተሳሳተች» አለ።

«እርስዎ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ከባለመጋዘኑ ጋር ምሳ እየበላሁ። ማሽኑን ከሰኞ ወዲህ አልነካሁትም።»

የመብራት ሠራተኛውን መሰላል ላይ አገኘችው።

«ማክሰኞ የተለየ ነገር አይተሃል?»

«ከማየት መስማት ይሻላል! ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሳይረኑ ጆሮዬን አደነቆረኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ጮኾ ጭጭ አለ።»

«መቼ ነው የሚጮኸው?»

«የኦክስጅኑ ልክ ዜሮ ሲሆን። ያኔ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ፖሙ እየሞተ ነው።»

«አንተ ነህ ዝም ያሰኘኸው?»

«እኔ እቴ! እኔ ሳይረን እሰቅላለሁ እንጂ አላባብልም።»

ባለመጋዘኑ ጢሙን እየፈተለ ትንሽ አሰበ። «አብረን በላን ማለት እንኳ ይከብዳል። ‹ጀምር፣ መጣሁ› ብሎኝ ወጣ። ሲመለስ እኔ በልቼ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ከዚያ ስለ አዲሱ ክፍል ሥራ ስናወራ አመሸን።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ማሽኑ ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸውና ከአታሚው የወጣ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይህ በየግማሽ ሰዓቱ የሚታተመው የኦክስጅን ልክ ነው፣ በመቶኛ። ማክሰኞ እስከ ስድስት ተኩል ድረስ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሦስት ነጥብ አራት፣ አራት ነጥብ ስምንት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ግን ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ እንደገና ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። እኛ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ልክ ነው።»

«ታዲያ ፕሮግራሙ ስለተበላሸ አይደል?» አለ ባለመጋዘኑ።

«የተበላሸ ፕሮግራም የሚያሳየው ቋቱ ውስጥ ያለውን ነው። ቋቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ዜሮ ነበር። ለዚህ ነው ማሽኑ እንደተነሳ ሳይረኑ የጮኸው። መብራቱም ቀይ ሆኖ ይቆይ ነበር።» ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እህቴ፣ አዎ ተሳስተሻል። ስህተትሽ ብቻውን ቢሆን ግን ባልሽን ከበሩ ይመልሰው ነበር።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ወንድሟ አንገቱን ደፋ።

«ካርዱ ወደማይደርስበት ቋት ሃያ ነጥብ ዘጠኝ በራሱ አይገባም፤ ሰው ያስገባዋል። የማሽኑን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ በዚያ ሰዓት የጥርስ ሐኪም ፊት አፏን ከፍታ ነበር፤ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሌላው ምሳ አቋርጦ ወጥቶ ነበር።»

ወንድምየው ለመካድ አልሞከረም።

«ሳይረኑን ሰምቼ ሮጥኩ። ቋቱን ወደ ታች ማውረድ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ዝም እንዲል ብቻ ብዬ ዜሮውን በሃያ ነጥብ ዘጠኝ ቀየርኩት። ስንፈትሽ ሁሌ የምናደርገው ነው። ከምሳ በኋላ ላስተካክለው ነበር… ወሬ ያዘኝና ረሳሁት። ሬሳው ሲወጣ ቁጥሩን ያስገባሁባትን የፕሮግራም መስመር አጠፋኋት።»

«ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ። «ሦስት ቀን ሙሉ ‹አይዞሽ፣ ተሳስተሽ ነው› ስትለኝ?»

«አንቺን ይቅር ይሉሻል ብዬ ነው። ሚስቱ ነሽ፤ በሐዘንተኛ ማን ይጨክናል? እኔን ግን ማንም አይምረኝም።»

«እነሱስ ይማሩኝ። እኔ ራሴን መቼ ልምር ነበር?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ሲይዘው እህቱ ተነሥታ የተጣጠፈውን የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። በሩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። ለየትኛቸው እንደምታለቅስ ወንፊት እንኳ አልጠየቀቻትም።